ከሐዲዱ ወጣ ብሎ

ኤሊት ዴንጀረስ የሚባለውን የጠፈር ጨዋታ የጀመረ ሰው ውሎ አድሮ አንድ ነገር ያምረዋል፤ ስሙን ኮከብ ላይ ማየት። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከእርሱ በፊት ማንም ተጫዋች ያልረገጠው ኮከብ ዘንድ ይደርሳል፤ ኮከቡንና ፕላኔቶቹን በስካነር ይመዘግባል፤ መረጃውን ይዞ ወደ አንድ የጠፈር ጣቢያ በሰላም ተመልሶ ይሸጣል። ከዚያ በኋላ ወደዚያ ኮከብ የሚመጣ ሁሉ «መጀመሪያ ያገኘው» ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ የእርሱን ስም ያነባል።

እኔ በጨዋታው ውስጥ ኮማንደር ከዚራ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ከዚራ ነው፤ ስም ምረጥ ስባል ሌላ አልመጣልኝም። በመሆኑም ዛሬ በፍኖተ ሐሊብ አንድ ጥግ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው፣ ቀያይ ድንክ የሚባሉ ትንንሽ ኮከቦች የድሬዳዋን ሰፈር ስም ተሸክመው ይኖራሉ። የመጋላ ልጆች እንዳይቀየሙ፤ ቦታው ሰፊ ነው፣ ለሁሉም ይበቃል።

ታይዋን ገበያ አጠገብ የኮምፒውተርና የስልክ ጥገና ሱቅ አለኝ። እዚያ የሚመጡ ወጣቶች ጨዋታውን እንደምጫወት ስለሚያውቁ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሡብኛል። ያልተነካ ኮከብ ለማግኘት ምን ያህል መራቅ ያስፈልጋል? የጋላክሲው እምብርት ድረስ መጓዝ ያለባቸው ይመስላቸዋል። ከወር በላይ የሚፈጅ ጉዞ አቅደው፣ መንኮራኩራቸውን አሟልተው፣ ገና መንገድ ሳይጀምሩ የሚሰለቹ ብዙ ናቸው። መራቅ አያስፈልግም እላቸዋለሁ። የሚያስፈልገው ከመንገድ መውጣት ነው። ያኔ ፊታቸው ላይ ቅሬታ አያለሁ፤ ጀብዱ ፈልገው መጥተው ጎረቤት ፈትሹ የተባሉ ያህል ይከፋቸዋል።

እስቲ ከቁጥሩ እንጀምር። ጨዋታው ፍኖተ ሐሊብን በሙሉ ልኳ ያቀርባል፤ ወደ 400 ቢሊዮን የሚጠጉ የኮከብ ሥርዓቶች አሉት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 ከወጣ ጊዜ ጀምሮ በመላው ዓለም ያሉ ተጫዋቾች ሁሉ ተባብረው የደረሱበት ክፍል ከሺህ አንድ እጅ አይሞላም። ደግሜ ልበለው፤ ከሺህ አንድ እጅ አይሞላም። ታዲያ ከሺህ 999ኙ ባዶ ከሆነ፣ ጀማሪ ተጫዋች ከኮከብ ወደ ኮከብ እየዘለለ ምሽቱን ሙሉ ሲሄድ የሰው ስም ያልተጻፈበት አንድ እንኳ የሚያጣው ለምንድን ነው?

መልሱ ያለው የጉዞ መሥመሩን ከሚያወጣው መሣሪያ ላይ ነው። ተጫዋቹ ካርታ ከፍቶ መድረሻውን ሲመርጥ ኮምፒውተሩ በጥቂት ዝላይ የሚያደርሰውን መንገድ ያሰምርለታል። የሰው መኖሪያ ከሆነው፣ በፀሐያችን ዙሪያ ካለው አካባቢ ብዙኃኑ ይነሣሉ። መድረሻቸውም የታወቀ ነው። አንዱ ወደ 26,000 የብርሃን ዓመት ርቆ የሚገኘውን የጋላክሲያችንን መሐል ጥቁር ጉድጓድ፣ ሳጂታሪየስ ኤ የሚባለውን ሊያይ ይሄዳል። ሌላው 22,000 የብርሃን ዓመት ወደሚርቀው ኮሎኒያ ወደተባለው የሰፋሪዎች አገር ይሄዳል። ደፋሩ ደግሞ በወዲያኛው የጋላክሲ ጫፍ፣ 65,000 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ያለውን ቢግል ፖይንትን ያልማል። መነሻው አንድ፣ መድረሻው አንድ፣ የመንኮራኩሮቹም አቅም የተቀራረበ፤ መሥመሩ ተመሳሳይ መሆኑ አይቀርም። በዚያ ላይ የኒውትሮን ኮከብ (ግዙፍ ኮከብ ሲፈነዳ የሚቀረው እጅግ የታመቀ አስኳል) ጨረር ውስጥ ገብቶ የወጣ መንኮራኩር የቀጣዩን ዝላይ ርዝመት አራት እጥፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ሩቅ ሄያጅ ሁሉ ከኒውትሮን ወደ ኒውትሮን ይዘላል። በዚያ ጎዳና ላይ ያሉት ኒውትሮን ኮከቦች ሁሉም ማለት ይቻላል ባለቤት አላቸው። ከአንዱ በአሥር የብርሃን ዓመት ፈቀቅ ብሎ ያለው ቀይ ድንክ ግን ከነቤተሰቡ ተረስቶ ይኖራል።

ይህን ከእኔ የተሻለ የገለጹልኝ ከግቢያችን ማዶ የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ አደራ ስላሉኝ ጋሼ ብዬ እቀጥላለሁ። የቀድሞው የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ አባታቸውም የባቡር ሰው ነበሩ። ማታ ማታ ሻያቸውን ይዘው ይመጡና ከኋላዬ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ላይ ነገሩ የልጅ ጨዋታ መስሏቸው ነበር። አንድ ምሽት ግን ካርታው ላይ ያለውን የጉዞ መሥመር አይተው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ይኼ ሐዲድ ነው» አሉ።

«ሐዲድ እንኳ አይደለም ጋሼ፣ በፈለግሁበት መሄድ እችላለሁ።»

«ትችላለህ፤ ግን ትሄዳለህ ወይ? እኔ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ስንት ዘመን ተመላልሻለሁ። ሁርሶን፣ ኤረርን፣ ጎታን፣ አፍደምን፣ ሚኤሶን ዓይኔን ጨፍኜ እነግርሃለሁ። ከኤረር ጣቢያ አንድ ሰዓት በእግር ወጣ ብለህ ምን እንዳለ ብትጠይቀኝ ግን አላውቅም። ባቡሩ እዚያ አልወሰደኝማ።»

ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917። ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ በዚያ መሥመር ላይ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው እንዲህ ካለ፣ የእኛ ነገር አያስደንቅም። እኔም ከዚያ ምሽት በኋላ ላልተነካ ኮከብ ፍለጋ የማደርገውን ሁሉ «ከሐዲዱ መውጣት» እለዋለሁ።

እንዴት ይወጣል? አንደኛው መንገድ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሄድ ነው። ጋላክሲው ጠፍጣፋ ነው። ሰው ደግሞ ካርታ ሲያይ እንደ ወረቀት ካርታ ስለሚያየው፣ ግራና ቀኝ እንጂ ከፍታና ጥልቀት አይታሰበውም። ከፀሐይ ተነሥቶ ወደ መሐል ከሚሄደው ጎዳና ይልቅ በቀጥታ ወደ ታች ጥቂት መቶ የብርሃን ዓመት መውረድ ቶሎ ባዶ ሜዳ ላይ ያደርሳል። ኮከቦቹ እየሳሱ ስለሚሄዱ አጭር ዝላይ ያለው መንኮራኩር ይቸገራል፤ የማይቸገርበትን ርቀት አውቆ መመለስ ነው።

ሁለተኛው የሰው ዓይን የሚንቀውን መምረጥ ነው። አብዛኛው ተጫዋች ካርታውን ነዳጅ የሚቀዳባቸውን ኮከቦች ብቻ እንዲያሳየው አድርጎ ያስተካክለዋል። ብልህነት ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ አደርገዋለሁ። ግን ይህ ማለት ቡናማ ድንኮች በሙሉ ከመንገዱ ተሠርዘዋል ማለት ነው። ቡናማ ድንክ ማለት ኮከብ ለመሆን ክብደቱ ያልበቃ፣ ፕላኔት እንዳይባል ደግሞ የከበደ አካል ነው፤ ነዳጅ አይቀዳበትም፣ መልኩም አይማርክም። በዙሪያው ግን ፕላኔቶች ሊኖሩት ይችላል። እኔ በየጥቂቱ ዝላይ ነዳጅ እየሞላሁ ጣልቃ ጣልቃውን እነዚህን እጎበኛለሁ።

ሦስተኛው ከሁሉም የምወደው ነው፤ በስም መሄድ። በጨዋታው ውስጥ ከእውነተኛው ሰማይ መዝገብ ያልተወሰዱት ኮከቦች ስም ዝባዝንኬ ይመስላል። ሁለት እንግዳ ቃላት፣ ከዚያ ሦስት ፊደላት፣ ከዚያ አንድ ትንሽ ፊደል፣ ከዚያ ቁጥሮች። ሰው ሁሉ ያልፈዋል። ነገር ግን ያ ስም አድራሻ ነው። ጋላክሲው በሙሉ በሳጥን በሳጥን ተከፋፍሏል። ቃላቱ ትልቁን ክፍል ይናገራሉ፤ ጎኑ 1,280 የብርሃን ዓመት ነው። ትንሿ ፊደል ደግሞ የውስጡን ሳጥን መጠንና የኮከቡን ክብደት መደብ ታመለክታለች። በእንግሊዝኛው ተራ የመጀመሪያዋ ፊደል ኤ፣ ጎኑ 10 የብርሃን ዓመት የሆነ ሳጥንና ቀላል ኮከብ ማለት ናት። ከእርሷ ቀጥሎ በእያንዳንዱ ፊደል የሳጥኑ ጎን እጥፍ ይሆናል፤ ቢ 20፣ ሲ 40፣ ዲ 80፣ እያለ እስከ ኤች ድረስ። የመጨረሻው ቁጥር በዚያ ሳጥን ውስጥ ኮከቡ ስንተኛ እንደሆነ ነው።

ይህን ያወቀ ሰው ቁልፍ በእጁ ገባ። አንድ ኮከብ ላይ ቆሜ ስሙ «ዲ13-47» ብሎ የሚያልቅ ከሆነ፣ ካርታው መፈለጊያ ላይ ያንኑ ስም ጽፌ መጨረሻውን 48 አደርገዋለሁ። ካለ ካርታው ወደዚያ ይወስደኛል። ቀጥሎ 49። የጉዞ መሥመር የሚያወጣው መሣሪያ በዚህ ቅደም ተከተል ማንንም መርቶ አያውቅም፤ ቁጥሮቹ በሳጥኑ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ተበታትነዋልና ለመንገደኛ አይመቹም። ለእኔ ግን አንድ ሳጥን ይዞ ከዜሮ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ማሟጠጥ ትልቅ ደስታ ነው። ዲ የምትለዋን ፊደል የምመርጠው ቢጫና ነጣ ያሉ፣ ፀሐያችንን የሚመስሉ ኮከቦች የሚበዙት በእርሷ ስለሆነ ነው፤ ሕይወት የሚመቻት ዓይነት ፕላኔት የማግኘት ዕድሉም የተሻለ ነው። ከዚያ ወዲያ ያሉት ትልልቅ ፊደላት ጥቁር ጉድጓድና ግዙፍ ሰማያዊ ኮከብ ይይዛሉ፤ ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ ሰው ፈልጎ ፈልጎ ጨርሷቸዋል ማለት ይቻላል። ቢያንስ በእኛ በኩል።

አንድ ሌሊት ያገኘሁትን ልንገራችሁ። ብርቱካናማ ኮከብ ነበር። ከዝላዩ ስወጣ የኮከቡ ክብ ገጽ ማያ ገጹን ሞልቶት መጣ፤ ሁልጊዜም ያስደነግጠኛል። ኮከቡን ስመርጠው ከስሙ በታች የማንም ስም አልነበረም። የመጀመሪያውን ስካነር ለጥቂት ሰከንድ ጫን አድርጌ ለቀቅሁት፤ ጥሩምባ የሚመስለው ድምፅ ተሰማ። ይህ ድምፅ በዙሪያው ስንት አካል እንዳለ ይናገራል እንጂ ምን ምን እንደሆኑ አይናገርም። ያንን ለማወቅ መንኮራኩሩን አቁሞ ሁለተኛውን ስካነር መክፈት ያስፈልጋል። ከታች አንድ አግድም መሥመር ይዘረጋል፤ በመሥመሩ ላይ ያበጡ ነጠብጣቦች አሉ። እያንዳንዱ የፕላኔት ዓይነት በመሥመሩ ላይ የራሱ ቦታ አለው፤ የራሱ ድምፅም አለው። እንደ ሬዲዮ ጣቢያ መፈለጊያውን እያዞርኩ ነጠብጣቡ ላይ ሳደርሰው ሰማዩ ላይ ሰማያዊ ክብ ይበራል። ወደዚያ ዓይኔን አቅርቤ አየዋለሁ። እንደ ጁፒተር ያለው ጋዝ ግዙፍ ፕላኔት ያጉረመርማል፤ በረዷማው ፕላኔት ድምፁ ሳሳ ያለ፣ ቀዝቃዛ ነገር አለው። ብዙ የሰማ ሰው ምስሉ ሳይታይ ይለያቸዋል።

በመጀመሪያ ሦስት ጋዝ ግዙፎች፣ ከዚያ የበረዶ ኳሶች፤ ያልጠበቅሁት ነገር አልነበረም። ከኮከቡ ቀረብ ብለው ግን ሁለት ድንጋያማ ፕላኔቶች አንዱ ሌላውን እየዞሩ ተገኙ። አንዱ የሌላው ጨረቃ አይደለም፤ መጠናቸው እኩል ለእኩል ነው፤ የጋራ መሐላቸውን ይዞራሉ። ርቀታቸው በጣም ትንሽ ነበር። ወረድኩ። የኮምፒውተሬ የምስል ካርድ ያረጀ ነውና ምስሉ እየተንቀጠቀጠ አረፍኩ። ሁለተኛው ፕላኔት ከሰማዩ ሰፊውን ክፍል ሸፍኖ፣ ገደሎቹና የተቦደሱ ጉድጓዶቹ ሳይቀር እየታዩ ተንጠልጥሏል። ስበታቸው አስሯቸው ሁልጊዜ ፊት ለፊት ስለሚተያዩ ያ ፕላኔት ከዚያ ሰማይ አይወጣም፣ አይጠልቅም፤ ያው ቦታው ላይ ነው። የሚለወጠው ብርሃኑ ብቻ ነው፤ እንደ ጨረቃ ይሞላል፣ ይጎድላል።

ጋሼ ተጠግተው አዩት። «ገንዘብ ያወጣል?» አሉ።

«እምብዛም።»

እውነትም ዋጋው የረባ አልነበረም። ጨዋታው ገንዘብ የሚከፍለው ምድር መሰል ለሆነና ውኃ ለሞላው ፕላኔት ነው፤ ከሁሉ በፊት ደርሶ በመመርመሪያ ካርታውን ላነሣ ሰው አንዱ ብቻ ሚሊዮኖች ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 ኦዲሲ የተባለው ማስፋፊያ ከወጣ ወዲህ ደግሞ በእግር ወርዶ የዕፅዋት ናሙና መሰብሰብ ከዚያም የበለጠ ይከፍላል፤ ፕላኔቱን የረገጠ የመጀመሪያ ሰው ተብሎ መመዝገብም አለ። እኔ በዚህ ካርድ ያንን ነገር ብዙ አልሞክረውም። ደግሞም ስለ ገንዘብ ብቻ የሚፈልጉ ተጫዋቾች ጥሩምባውን ነፍተው፣ ውድ ፕላኔት ከሌለ ዘለው ይሄዳሉ። እንዲህ ያሉትን መንትዮች ሳያዩ የሚያልፉት እነዚህ ናቸው። መብታቸው ነው። ትንሽ ግን ያናድደኛል።

እናቴ ይህን ሁሉ ስትሰማ «ታዲያ አገኘሁ የምትለው ኮምፒውተሩ የፈጠረልህን አይደል?» ትላለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን የሰጠችላት እኅቴ ናት፤ የሒሳብ መምህር ናት፣ ጨዋታውን ግን አንድ ቀን እንኳ ነክታው አታውቅም። ጨዋታው እነዚያን 400 ቢሊዮን ሥርዓቶች የትም አላስቀመጣቸውም፤ ያ ሁሉ የሚገባበት ኮምፒውተር ደንበኛ አምጥቶልኝ አያውቅም። ያለው ቀመር ነው። በጋላክሲው የየትኛው ክፍል ምን ያህል ክብደት እንዳለ፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነ ይታወቅና አንድ ሰው ሲደርስ የዚያ ቦታ ሒሳብ ይሠራል። ከእኔ በኋላ ሌላ ሰው ቢደርስ ያው ሒሳብ ተሠርቶ ያው መልስ ይወጣል፤ መንትዮቹም እዚያው ናቸው። «ስለዚህ መልሱ ከጥንትም ያው ነበር፤ ልጅሽ የሠራው ማንም ያልሠራውን ጥያቄ ነው» አለቻት። እናቴ አልተረታችም። እኔ ግን በጣም ደስ አለኝ።

ዘዴው አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው ኤሊት እ.ኤ.አ. በ1984 ወጣ። ሠሪዎቹ ዴቪድ ብሬበንና ኢያን ቤል የሚባሉ የኬምብሪጅ ተማሪዎች ነበሩ፤ የሠሩለትም ኮምፒውተር ቢቢሲ ማይክሮ የሚባል፣ 32 ኪሎባይት ማስታወሻ (ሜሞሪ) ያለው ነበር። በዚያች ላይ ስምንት ጋላክሲ፣ በእያንዳንዱ 256 ኮከብ አኖሩ። አንድ ደንበኛ የተሰበረ ስክሪኑን በስልክ አንሥቶ የሚልክልኝ ፎቶ ከዚያ ማስታወሻ መቶ እጥፍ ይበልጣል። የዛሬው በፀሐያችን ዙሪያ እውነተኛውን የኮከብ መዝገብ ይጠቀማል፤ የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ያመጠቃት ሂፓርኮስ የለካቻቸውን የመሳሰሉ ከመቶ ሺህ በላይ እውነተኛ ኮከቦች ገብተውበታል። በስማቸው ላይ ሂፕ የሚል ካያችሁ የእርሷ ናቸው። ያልተነካ ለሚፈልግ ሰው ይህም ምልክት ነው፤ የመዝገብ ስም ያላቸው ኮከቦች ታዋቂ ስለሆኑ አስቀድመው ተይዘዋል።

እንግዲህ እውነተኛ ኮከብ ካነሣን አይቀር፣ ኢትዮጵያም አንድ አላት። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይሙ ሰጥቶ ነበር። የእኛ ኮከብ ቡና፣ ፕላኔቱ አቦል ተባሉ። በአንድሮሜዳ ኅብረ ኮከብ ውስጥ፣ ከ200 የብርሃን ዓመት በማይበልጥ ርቀት ላይ ናቸው። አቦል ከጁፒተር የሚከብድ ጋዝ ግዙፍ ነው። ጋሼ ይህን ስነግራቸው «ቶናና በረካስ?» ብለው ጠየቁኝ፤ እስካሁን አልተገኙም አልኳቸው። «በል ያንተ ሥራ እርሱ ነው» አሉ። በዚያ ርቀት ላይ ያለ ኮከብ በጨዋታው ውስጥ ሳይያዝ አይቀርም፤ ለእኔ የሚተርፍ ነገር የለም።

ስለ ችግሮቹም ጥቂት ልበል። የመጀመሪያው ነዳጅ ነው። ጋሼ ገና ከመጀመሪያው የጠየቁኝ እርሱን ነበር።

«ነዳጅ የት ይሞላል?»

«ከኮከቡ ነው ጋሼ። ጠጋ ብሎ በመቅጃ ይቀዳል።»

«ከየትኛውም ኮከብ?»

«ከየትኛውም አይደለም።»

«እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ፤ ነገሩ እውነተኛ የሆነላቸው ያኔ ይመስለኛል። አባታቸው በእንፋሎቱ ዘመን ባቡሩ ውኃ የሚሞላባቸውን ጣቢያዎች ያጫውቷቸው ነበር። በጨዋታው ኦ፣ ቢ፣ ኤ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኬ እና ኤም ከሚባሉት የኮከብ መደቦች ይቀዳል፤ ከቡናማ ድንክ፣ ከነጭ ድንክ፣ ከኒውትሮን አይቀዳም። እንደ እኔ ቡናማ ድንክ የሚወድ ሰው ቀሪ ነዳጁን ሳያይ ከዘለለ መሐል ሜዳ ቀረ ማለት ነው። ለዚያም ቢሆን ፉየል ራትስ የሚባሉ በጎ ፈቃደኛ ተጫዋቾች አሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ነዳጅ ላለቀበት መንገደኛ የትም ይሁን የት ሄደው ያለ ክፍያ ይሞላሉ። ሺህ የብርሃን ዓመት ተጉዘው! ጋሼ ከጨዋታው ሁሉ ይህን ነገር አብዝተው ወደውታል።

ሁለተኛው ሞት ነው። መንኮራኩሩ ከፈነዳ ያልተሸጠ መረጃ በሙሉ ይጠፋል። የወራት ፍለጋ፣ ሁሉም። ለዚህ ነው ስበቱ የከበደ ፕላኔት ላይ ሳርፍ ጋሼ እንኳ የማያወሩት።

ሦስተኛው የእኛው የድሬ ነው። የምጫወትበት ማሽን ከሱቁ ከተራረፈ ዕቃ የተገጣጠመ ነው። ጠፈሩን ያሳያል፤ ጠፈር አብዛኛው ጥቁር ነው፣ ጥቁር ለመሣል ደግሞ ብዙ ጉልበት አይጠይቅም። ነገር ግን ግንቦትና ሰኔ ሲመጣ፣ ሌሊት እንኳ ግድግዳው ሙቀት ሲተፋ፣ ማቀዝቀዣው አይችለውም። የጎን ሽፋኑን አውልቄ፣ ሽርጤን አገልድሜ፣ ቬንቲሌተሩን ለእኔና ለእርሱ አካፍላለሁ። ከደቻቱ በኩል የሚነሣው አቧራ ክንፎቹ ላይ ስለሚጋገር በየጊዜው መንፋት ግድ ነው፤ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለውን የሙቀት ቅባትም ለመቀየር ዓመት እስኪሞላው አልጠብቅም። መንኮራኩሬ ነዳጅ ልትቀዳ ኮከቡን ስትጠጋ የሙቀት ማስጠንቀቂያዋ ይጮሃል፤ ከጎኔ ያለው ማሽንም ያኔውኑ ይጮሃል። የትኛው እንደጮኸ ለማወቅ የምቸገርበት ጊዜ አለ።

መብራት ሲሄድ ግን የሚፈራውን ያህል አይደለም። ጨዋታው ብቻህን እንኳ ስትጫወት ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ የሚያስቀምጠውም እነርሱ ጋ ባለው ኮምፒውተር ላይ ነው። ግንኙነቱ ሲቋረጥ መንኮራኩሩ ከጠፈር ይሰወራል፤ መብራት ሲመጣ ያው ኮከብ ዘንድ ይመለሳል። መረጃውም አለ። በስልኬ ኢንተርኔት ነው የምጫወተው፤ ብቻውን ለሚጫወት ሰው ፍጆታው ያን ያህል ከባድ አይደለም። ከባዱ ማሻሻያ ሲመጣ ነው፤ ያን ጊዜ ጨዋታ ትቼ እተኛለሁ።

አሁን ያለሁት ከጋላክሲው ወለል በታች ነው፤ ከሰው መኖሪያ ጥቂት ሺህ የብርሃን ዓመት ብቻ ርቄ አንድ የዲ ሳጥን እያሟጠጥኩ ነው። እስካሁን በዚያ ሳጥን ውስጥ የሌላ ሰው ስም ያየሁት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እርሱም እንደ እኔ ቁጥር ተከትሎ የመጣ አይመስልም፣ መንገድ ስቶ ያለፈ እንጂ። ትናንት ማታ አንድ ውኃ የሞላው ፕላኔት አግኝቻለሁ፤ ቀለበት አለው። ያልሸጥኩት መረጃ ከመቼውም የበለጠ ተከማችቷል። ጋሼ ይህን ካወቁ ወዲህ ሲገቡ ከሰላምታ በፊት የሚጠይቁኝ እርሱን ነው።

«ሸጥከው?»

«ገና ነው ጋሼ።»

«አንተ ልጅ፣ የሠራተኛውን ደመወዝ በሙሉ ተሸክሞ በሌሊት በረሃ የሚያቋርጥ ገንዘብ ያዥ አይቼ አላውቅም።»

ሳጥኑ ውስጥ የቀሩኝ ቁጥሮች ጥቂት ናቸው፣ እነርሱን ልጨርስና በቀጥታ ጣቢያ እገባለሁ አልኳቸው። አላመኑኝም። ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡና ቀጣዩን ቁጥር ራሳቸው አነበቡልኝ።